የዘመመው ግድግዳ

ሸማ ተራ ጀርባ ያለው ባዶ ቤት ግድግዳው ወደ መንገዱ ከዘመመ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ነጠላ ነጋዴዋ ራዲያ አርባ ጎረቤቶቿን ያስፈረመችበትን ማመልከቻ ይዛ ለአራተኛ ጊዜ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄደች።

“የቤቱ ወራሾች በፍርድ ቤት ክርክር ላይ ናቸው፤ ማፍረስ አንችልም” አላት ኃላፊው።

በሳምንቱ ግድግዳው ተደርምሶ የልብስ ሰፊውን የጋሼ ይመርን እግር ሰበረ። ራዲያ ከሆስፒታል በቀጥታ ኃላፊው ዘንድ ገባች።

“አሁንስ ምን ትላለህ?”

“አሁንማ ግድግዳው ወድቋል። ማመልከቻችሁ ‘ሊወድቅ ነው’ ስለሚል አያገለግልም፤ ፍርስራሹ እንዲነሳ አዲስ አስገቡ።”

ራዲያ በሩን በኃይል ዘግታ ወጣች። ፍርስራሹን ከጎረቤቶቿ ጋር በአንድ ከሰዓት በኋላ ጠረጉት። የዚያው ቤት የጓሮ ግድግዳ ግን እሱም ዘሞ ቆሟል። ጋሼ ይመር ከተኙበት “እሱንስ ምን አሉሽ?” ሲሏት፣ ‘ሊወድቅ ነው’ የሚለውን ማመልከቻ እንደ አዲስ መጻፍ ጀመረች።