በባቡር የመጣው አበባ

እትዬ በላይነሽ ባቡር ያመጣውን ነገር ሁሉ ይወዳሉ። ምን ያድርጉ፣ ሟች ባለቤታቸውን አቶ ቀናውን ያመጣላቸው ባቡር ነው። አቶ ቀናው በአሮጌው ባቡር ሲሠሩ፣ ከድሬዳዋ በተመለሱ ቁጥር የሎሚ ችግኝም ይሁን የጽጌረዳ ቅርንጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው አቃቂ በሰቃ ያደርሱላቸው ነበር። ስለዚህ አምና በአዲሱ ሐዲድ ዳር፣ ኮንቴይነር የጫነው ባቡር በሚያልፍበት፣ ነጫጭ አበባ ያወጣ እንግዳ ተክል ሲያዩ ልባቸው አላስቻላቸውም። ነቅለው ወስደው አጥራቸው ሥር ተከሉት። እሱም አላሳፈራቸውም፤ ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ ግቢውን ሞላው።

ጎረቤታቸው ዲንቄ አንዲት ላም አለቻት። የአባቷ እርሻ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሆኗል፤ እሷም በአባቷ መሬት ላይ የቆመውን ደረጃ እየወጣች ወተት ትሸጣለች። ከዚያ ወተት አንድ ብርጭቆ ምንጊዜም የእትዬ በላይነሽ ነው። ፍልሰታ ሲገባ ወተቱን ቢተዉም ውለታውን አልረሱም። ግጦሹን ሁሉ ሕንጻ በልቶታልና፣ በየጠዋቱ አበባውን እያጨዱ፣ ላሚቱ እንዳትንቀው ከሳር ጋር እየከተፉ ያበሏት ጀመር።

ወተቱ መረረ። እሳቸው ጿሚ ናቸው፣ በምን ያውቁታል! ዋና ደንበኛዋ ፊርዶስ ግን «ምን እየጨመርሽበት ነው?» ብላ በሯን ዘጋችባት፤ ወሬውም ከሕንጻ ሕንጻ ዞረ። ዲንቄን እፍረቱ አንገቷን አስደፋት። ላሚቱን በሽታ ነክቷት ይሆናል ብላ ለሥጋ ልትሸጣት ቆረጠች።

ጾሙ በተፈታበት ጠዋት የእትዬ በላይነሽን ብርጭቆ ይዛ መጣች።

«የመጨረሻዎ ነው እትዬ። ላሚቱን ዛሬ እሸጣታለሁ። ወተቷ ይመራል፤ ካላመኑኝ ይቅመሱት።»

አንዴ ተጎነጩ። ምሬቱን ያውቁታል! ሳር በከተፉበት እጅ ዳቦ በቆረሱ ቁጥር ምላሳቸው ላይ የቀረው፣ የጾም አፍ ነው ብለው የናቁት፣ እሱው ነው።

ነጠላ እንኳ ሳይደርቡ ወጡ። የከብት ነጋዴው ሮሪሳ ላሚቱን እየጎተተ ከዲንቄ በር ሊወጣ ነበር።

«ቁም! ቁም አልኩህ!» ከአጥራቸው ሥር የነቀሉትን አንድ እቅፍ አበባ ዘረጉለት። «ይሄን ታውቀዋለህ?»

«ቅንጨ አረም ነዋ!» አለ ሮሪሳ። «እኛ ሞጆ በሐዲዱ ዳር ገብቶ ነው ግጦሹን የጨረሰው። ይሄን የበላች ላም ወተቷ ይመራል እማማ።»

«እኔ ነኝ ያበላኋት፤ በገዛ እጄ!» አሉ፤ እንባቸው ቀደማቸው።

ዲንቄ ተከትላቸው ደርሳ ነበር። ገመዱን ከሮሪሳ እጅ ተቀበለች።

«ለላሚቱ አዝነው ነው፣ አውቃለሁ» አለች። «ግን ስሜን ማን ይመልስልኛል እትዬ?»

እትዬ በላይነሽ ወደ ግቢያቸው ተመለሱ። አበባውን ከሥሩ መንቀል ጀመሩ። አረሙ እጃቸውን አሳክኮ አሳበጠው፤ እሳቸው ግን አላቆሙም። ሲያቃጥሉት እንኳ አዘኑለት። እሱም ቢሆን ወድዶ አልመጣም፤ ተጭኖ የመጣ ነው።

ላሚቱ ንጹሕ ሳር እየበላች ከረመች። ምሬቱ ከወተቱ የጠፋ ዕለት እትዬ በላይነሽ ብርጭቋቸውን አልተቀበሉም። ነጠላቸውን ደርበው የወተቱን ባልዲ አነሱ።

«ነይ ቅደሚ፤ ቤቶቹን አሳዪኝ።»

በዚያ በማይታዘዝ ጉልበታቸው ደረጃውን እየወጡ፣ እየቆሙ፣ በየበሩ አንኳኩ። «ወተቱን መራራ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ይቺ ልጅ ምንም አላደረገችም» ይላሉ። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ሳይከፍት ቀረ። ፊርዶስ ከፈተች። በሯን ይዛ፣ ያበጠውን እጅ እያየች ሰማቻቸው። ከዚያ ዓይኗን ወደ ዲንቄ መለሰች፤ ዲንቄ መሬት መሬት ታያለች።

ፊርዶስ ፊቷን ወደ ቤት አዞረች።

«ጆጉን አምጡልኝ!» አለች። «ትልቁን!»