የአክስቷ መርፌ

"እግርዎን ከፔዳሉ ያንሱ! እትዬ፣ ያንሱ አልኩ!"

ተለማማጇ በሩን እንኳ ሳትዘጋ ወደ ውስጥ ዘለቀች። አክስቷ በውበት ሳሎኗ ጓዳ ውስጥ፣ ያለ ጓንት፣ በደንበኛ አገጭ ላይ ጎንበስ ብላለች። በእግሯ የማሽኑን ፔዳል ረግጣ፣ በአንድ እጇ ፀጉር የሚያጠፋውን የኤሌክትሪክ መርፌ፣ በሌላው ወረንጦ ይዛለች። ወንበሩ ላይ የተጋደመችው የባንክ ገንዘብ ከፋይ ናት። ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ተቀምጣ ፊቷን ለሰው የምታሳይ ሴት፣ አገጯ ላይ የሚበቅለው ፀጉር ስንት ዓመት አንገቷን አስደፍቷታል። አሁን እንባዋ ወደ ጆሮዋ ይወርዳል።

"ምን ያስጮህሻል?" አለች አክስቷ። "ዕድሜዬን ሙሉ መርፌ ይዤ የኖርኩ ሴት ነኝ። ያን ሁሉ ልብስ ስሰፋ አንቺ የት ነበርሽ?"

"ሰው ጨርቅ ነው?"

ተለማማጇ መብራቱን አስጠግታ አገጩን አየችው። ወይ ጉድ! ቆዳው እዚህም እዚያም ነድዶ ነጭ ሆኗል፣ ዳር ዳሩ ውሃ ቋጥሯል። የፀጉሩ ሥር በወጉ ከጠፋ በወረንጦ ነካ ሲያደርጉት ሸርተት ብሎ ይወጣል፤ መጎተት የሚባል ነገር የለም። አክስቷ ግን አልወጣ ሲላት እየመነጨቀች ነቅላዋለች። የተነቀለው ተመልሶ መብቀሉ አይቀርም፣ ጠባሳው ደግሞ እዚያው ነው።

ተለማማጇ በንዴት ጦፈች። እሷ ስለ ቆዳ፣ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ኤሌክትሪኩ መጠን ስትማር ከርማ፣ ፈተናውን አልፋ፣ በአሠልጣኟ ዓይን ሥር የሰው ፊት መንካት ገና አሁን መጀመሯ ነው። የተግባር ልምምዱን ጨርሳ ፈቃድ እስክታገኝ ብቻዋን አንዲት ፀጉር አትነካም። ይህችኛዋ ግን ማሽን ስለገዛች ብቻ ባለሙያ ሆና ቁጭ!

"ልምምዴን እስክጨርስ ይጠብቁ ብዬ ለምኜዎት አልነበር?"

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል በዪኝ ደግሞ! እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ ይህን ሳሎን ማን ያኖረዋል? አንቺንስ ማን ያስተምርሻል?" አክስቷ መርፌውን ዘረጋችላት። "እንቺ፣ አዋቂዋ! ተቀመጪና ጨርሺላት። አለዚያ ትምህርት የሚባል ነገር የለም፣ ከቤቴም ትወጫለሽ። ባጎረስኩ ተነከስኩ እኮ!"

ገንዘብ ከፋይዋ ቀና አለች። "እህቴ፣ በሞቴ አንቺ ሥሪልኝ። ግማሹ ተነቅሎ ግማሹ ቀርቶ እንዴት ሰው ፊት እወጣለሁ?"

ተለማማጇ "አንቺ ሥሪልኝ" የሚላት ሰው ስትመኝ ነው የኖረችው። ደግሞም ትችላለች፤ እጇን ታውቀዋለች። ይህ ራሱ ይበልጥ አናደዳት።

"አይሆንም። በተቃጠለ ቆዳ ላይ አሠልጣኜም መርፌ አታስገባም።" ወደ አክስቷ ዞረች። "በእኛ ትምህርት ቤት፣ መርፌውን በራሱ ፊት ሳይቀምስ በሰው ፊት ላይ የሚይዝ የለም። ሁላችንም ተራ በተራ ተጋድመናል። አሁን እርስዎ ይጋደሙ።"

"እኔ?" አክስቷ ሳቀች። "እኔ ደግሞ የምን ፀጉር አለኝ?"

"ታዲያ ከከንፈርዎ በላይ ያለው ጢም የማን ነው? የጎረቤት?"

ገንዘብ ከፋይዋ እንባዋን ጠርጋ ከወንበሩ ወረደች። "ይጋደሙ እንጂ እትዬ። አያምም ሲሉኝ አልነበር?"

አክስቷ እልኸኛ ናት፤ በደንበኛ ፊት ከምትዋረድ ሞቷን ትመርጣለች። ወንበሩ ላይ ወጥታ ተዘረረች። "ነይ ውጊኝ! ምን ታመጫለሽ!"

ተለማማጇ ጓንት አጠለቀች፣ አዲስ መርፌ ገጠመች። የኤሌክትሪኩን መጠን ግን አክስቷ በተወችበት ተወችው።

አክስቷ በዓይኗ ጥግ አየቻት። "ቆይ... ቀንሺው እንጂ!"

"ለምን? ለሰው ሲሆን ልክ ነበር።"

መርፌውን ወደ አክስቷ ከንፈር አስጠጋች፤ እግሯ ፔዳሉ ላይ አረፈ። አንዴ ብትጫን፣ አንዴ ብቻ፣ አንጀቷ ቅቤ በጠጣ ነበር። ደግ አደረግሽ የምትላት ምስክርም አጠገቧ ቆማለች። አክስቷ ዓይኗን ጨፍና፣ ከንፈሯን መድኃኒት እንደሚግቱት ሕፃን ግጥም አድርጋ ትጠብቃለች።

ተለማማጇ እግሯን አነሳች።

"ይነሱ" አለች፤ ድምፅዋ በንዴት ተሰባብሯል። "አልነካዎትም። የእርስዎንም ፊት ለመንካት ገና አልተፈቀደልኝም።"

ንጹሕ ፎጣ በቀዝቃዛ ውሃ ነክራ የገንዘብ ከፋይዋ አገጭ ላይ አስያዘቻት። "አሠልጣኜ ዘንድ እንሂድ። እሷ ትይልዎት።"

"ማን እንዲህ አደረገሽ ብትለኝ የፈላ ዘይት ፈነጠቀብኝ እላታለሁ" አለች ገንዘብ ከፋይዋ ቀስ ብላ። "ትምህርትሽ በእኔ ምክንያት እንዳይቋረጥ።"

አክስቷ ከወንበሩ ብድግ አለች። "አዎ፣ ዘይት ነው በሏት! ልጄ፣ ዘይት በያት!"

ልጄ! ዛሬ ገና ልጇ ሆነች።

ተለማማጇ ገንዘብ ከፋይዋን በክንዷ ደግፋ ወደ ውጪ አወጣቻት።

"አክስቴ ናት እላታለሁ፤ ሳሎኑንም አሳያታለሁ" አለች ዞር ሳትል። "ዕቃዬን ማታ መጥቼ እወስዳለሁ።"