አሥራ አምስት እርምጃ

በያጁ ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ከሰው ጋር የልቡን የሚያወራው በቀን አንድ ጊዜ ነበር። አራት ሰዓት ሲሆን የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ይወጣል፤ የጎረቤቱ መጋዘን ጥበቃም ከበሩ ይነሣል። ሁለቱ ግንቡ ሥር ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው አንዳንድ ሲጋራ ያጨሳሉ። ደንበኛማ ስለ በር ቁመት ጠይቆ ይሄዳል፤ ጥበቃው ግን ቁጭ ብሎ ይሰማል።

በያጁን እግሩን ካመመው ከርሟል። መቶ እርምጃ እንደሄደ ባቱ ጭምድድ አድርጎ ይይዘዋል፤ ትንሽ ሲያርፍ ይለቀዋል። አንድ ቀን በሬዲዮ፣ ሲጋራ በደም ውስጥ ያለውን ስብ፣ ኮሌስትሮል የሚሉትን፣ እንደ ብረት እንደሚያዝገው፣ የዛገውም የደም ሥር ግድግዳ ላይ እየተለጠፈ መንገዱን እንደሚያጠብ፣ ቫይታሚን ሲ እና ኢ ደግሞ ይህን ሊከላከሉ እንደሚችሉ ሲነገር ሰማ። ስለ ዝገት ከሆነ ከሱ በላይ ማን ያውቃል? ዕድሜውን ሙሉ ብረት ላይ አንቲረስት፣ የዝገት መከላከያውን ቀለም፣ ሲቀባ የኖረ ሰው ነው። መድኃኒት ቤት ሄዶ ሁለት ብልቃጥ ገዛና ለእያንዳንዱ ሲጋራ አንድ እንክብል መደበ። ጥበቃው ሲስቅበት፣ ሆዴን ቀለም እየቀባሁት ነው አለው።

"ታዲያ እኔንስ አትቀባኝም?"

"አንተማ ከጥንቱም ቆርቆሮ ነህ። ቀለም አይባክንብህም።"

እንዲህ ሲል ስምንት ወር አለፈ፤ መቶው እርምጃ ስልሳ ሲሆን ሐኪም ቤት ሄደ።

ሐኪሟ የእግሩን የደም ትርታ ዳብሳ ፈለገች፤ የቁርጭምጭሚቱን ግፊት ለካች፤ የእንክብሎቹንም ነገር ሳትስቅ ሰማችው። በቤተ ሙከራ ተስፋ ሰጥተው እንደነበር፣ በሰው ሲሞከሩ ግን የአጫሽን የደም ሥር እንዳላዳኑ፣ እንዲያውም አንዳንዱ ዓይነት ቫይታሚን በብዛት ሲወሰድ አጫሾችን ጎድቶ መገኘቱን ነገረችው። በዚሁ ከቀጠለ እግሩ እስከ መቆረጥ ሊደርስ እንደሚችልም አልደበቀችውም። ከዚያ ሥራውን ጠየቀችው።

"አባባ፣ ውሃ እየፈሰሰበት ያለ ብረት ላይ አንቲረስት ይቀባሉ?"

"ኧረ ምን ቆርጦኝ። መጀመሪያ ውሃው ይዘጋል፣ ቀጥሎ ዝገቱ ይፋቃል፣ ከዚያ..." እያለ ሳለ የገዛ አፉ ፈረደበት።

ወደ ቤቱ እያረፈ ሲሄድ ያስጨነቀው ሲጋራው አልነበረም። ሲጋራውን ለመተው እግዚአብሔር ያግዘኛል ብሏል። አራት ሰዓትን ግን በምን ይተካዋል?

በማግሥቱ ባዶ እጁን ወጥቶ ተቀመጠና ለጥበቃው ነገረው። ጥበቃው የለኮሰውን ጫማው ሥር አጠፋና፣ ደግ አደረግህ አለው። በሁለተኛው ቀን ግን አልመጣም፤ በሦስተኛውም። በአራተኛው ቀን በያጁ ከመጋዘኑ የውሃ ታንከር ጀርባ የሚያውቀውን ሳል ሰማ። ዞር ብሎ ሲያይ ጥበቃው ብቻውን ቆሞ ያጨሳል።

"ምን አደረግሁህ?" አለው።

"አንተ ፊት ማጨስ እግርህን በመጋዝ መቁረጥ መሰለኝ። መተው ደግሞ አልቻልኩም፤ ሞክሬዋለሁ።"

"እኔ የተውኩት ጭሱን ነው። አንተን ተውኩህ?"

ጥበቃው አንገቱን ቀና አድርጎ ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ አየ።

ከዚያ ወዲህ በያጁ ግንቡ ሥር ይቀመጣል፤ ጥበቃው ነፋሱ ጭሱን ወዲያ በሚወስድለት ጥግ፣ አሥራ አምስት እርምጃ ርቆ ይቆማል። እየተጯጯሁ ያወራሉ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጥበቃው ነገረኛ አማት። የተጣሉ መስሎት ሊገላግል የቆመ መንገደኛም አለ።

"እግርህስ?" ሲል ይጮኻል ጥበቃው።

"ሰባ ደረሰ!"

"ተመስገን በል!"

"ተመስገን!"

እንደሚፈራ ግን አልነገረውም። ጠዋት ጠዋት ከአልጋው ሳይወርድ እግሩን በእጁ እየዳበሰ፣ ሞቀ ወይስ ቀዘቀዘ እያለ እንደሚጸልይ አልነገረውም። ጎን ለጎን ቢሆኑ ይነግረው ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በጩኸት አይነገርም። ጥበቃው ሲጋራውን ጨርሶ እጁን አወዛወዘለትና ወደ በሩ ሄደ፤ በያጁም መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ።