የሽማግሌዎቹ ጉብኝት

የአንድ መንደር ሽማግሌ በሙሉ ባንድ አውቶቡስ ተጭኖ ግንብ ሊያይ ሲሄድ ነገር እንዳለበት መጠርጠር የነበረበት ገዱ ነበር። ጨው እንኳ ሳይቀምስ የማይገዛ ሰው ነው። ግን ስድሳ አምስት ዓመት ጎንደርን ሳያይ ኖሮ የወረዳው አስተባባሪ «በነጻ ነው፣ ምሳም አለ» ሲለው እንደ ልጅ ጓጓ። ከዋዜማው ከሌሎቹ ጋር ወርዶ ደባርቅ አደረ።

ብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ያለችው መንደራቸው ተነስታ ደባርቅ ትስፈር ከተባለ ሁለት ዓመቷ ነው። ሌላው ለመነሳት ሲፈርም ሽማግሌዎቹ «ታቦቱ ካልተነሳ አንነሳም» ብለው ግግም አሉ። ታቦቱ ደግሞ ያለ ቄስ ያርጋል ፈቃድ አይነሳም፤ እሳቸውም የገዱ የንስሐ አባት ናቸው። የገዱ ሚስት ጤናዬ የተቀበረችው እዚያው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። ከእሷ ላለመለየት የቀረው ተስፋ የታቦቱ አለመነሳት ነበር።

ጎንደር ላይ የነገሥታቱን ግንብ ዞሩ። «ንጉሡ እዚህ ይተኙ ነበር፣ እዚህ ግብር ያበሉ ነበር» ይላል አስጎብኚው። ገዱ ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ ኖራውን አደነቀ። በደብረ ብርሃን ሥላሴም የጣሪያውን መላእክት ሲቆጥር አንገቱን አመመው። እውነቱን ለመናገር፣ ከጤናዬ ሞት ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

ቄስ ያርጋል ግን ቀኑን ሙሉ ስልካቸውን ሲያዩ ዋሉ። ሲመለሱ ዳባት ላይ ሌላው ሻይ ሊጠጣ ሲወርድ፣ የገዱን እጅ ይዘው ከአውቶቡሱ ኋላ ወሰዱት።

«ገዱ፣ ይቅር በለኝ።»

«ምን በደሉኝና ነው አባቴ?»

«ትናንት እኛ እንደወጣን ታቦቱን አንስተውታል። አሁን ደባርቅ ገባ ብለው ደወሉልኝ።»

«ማን አነሳው?»

«ረዳቴ ቄስ ቢራራ ናቸው። የፈቀድሁት ግን እኔ ነኝ። አስተባባሪው ሽማግሌዎቹ ባሉበት ከሆነ ደም ይፈሳል አለኝ፤ ፈራሁ።»

ገዱ ደሙ ፈላ። ቄስ ባይሆኑ አንገታቸውን ያንቅ ነበር።

«እልል ያለለት አለ?»

«የለም። በዝምታ ነው የወረደ።»

«የጤናዬስ መቃብር?»

ቄሱ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው አለቀሱ፤ ገዱም አብሯቸው አለቀሰ።

ደባርቅ ሲገቡ ጀምበር ገና አልጠለቀችም። አስተባባሪው «ጉብኝቱ እንዴት ነበር አባባ?» ብሎ ተቀበለው። ገዱ ሊሰድበው አፉን ከፈተ፤ ስድቡ ጠፋበት።

«ወረቀቱን አምጣው» አለ።

አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ፈረመ። ጣቱን በኮቱ ጠረገና የገዛ ታቦቱ ያረፈበትን ቤተ ክርስቲያን መንገደኛ ጠይቆ ሄደ።