የኤድላ ዝምታ

ያን እሑድ ጠዋት መቀመጥም መቆምም አቃተኝ። የበረንዳውን በረዶ ጠርጌ ጨረስኩና መልሼ ጠረግሁት። ከዚያ የጋራዡን ደጃፍ ያዝኩ። ጎረቤታችን በመስኮት አይቶ እጁን አነሣልኝ፤ በሆዱ ግን ይሄን ሰውዬ ዛሬ ምን ነካው ሳይል አልቀረም። ያቅበጠበጠኝ ሰኞ ነው። ከነገ ጀምሮ ሚስቴ ዲሳ ልጃችንን በገዛ ቋንቋዋ ማናገር ልታቆም ነው።

ዲሳ የነርፔስ ልጅ ናት፤ ከባሕሩ ጠረፍ፣ ስዊድንኛ ከሚናገሩት የፊንላንድ ወገኖቻችን አገር። አባቷ በመስታወት ቤት ቲማቲም ያበቅላል። እኔ ያርኮ ደግሞ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ሰይናዮኪ ነው፤ በእኛ ሰፈር ስዊድንኛ የሚሰማው ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ብቻ ነው፣ ያውም በግድ። ኤድላ ስትወለድ እኔ በፊንላንድኛ፣ እሷ በስዊድንኛ እንድናናግራት ተስማማን። ነገሩ ቀላል መስሎን ነበር።

ኤድላ አሁን ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፣ አትናገርም። ጫማሽን አምጪ ብላት ታመጣለች፤ እናቷ በራሷ ቋንቋ ብትላትም ታመጣለች። ሁሉም ይገባታል። ከአፏ የሚወጣው ግን «አምፖል»፣ «እምቢ» እና «ጨምር» ነው፣ እነሱም በፊንላንድኛ። በስዊድንኛ አንዲት ቃል ስትል ከዲሳ በቀር የሰማ የለም። ዲሳ «ብቻችንን ስንሆን እኮ ታወራለች» ትላለች። እናቴ ሂልካ ይህን ስትሰማ ከንፈሯን ትመጥጣለች። «ልጇ ስታወራ የማትሰማ እናት አይቼ አላውቅም፤ ሁሉም ይሰማሉ» ትላለች። እውነቱን ለመናገር እኔም መጠራጠር ጀምሬ ነበር።

የሕፃናት ጤና ጣቢያ ወስደናት ነርሷ ሥዕል ብትደረድርላት፣ ኳስ ብታንከባልልላት፣ ኤድላ አፏን ግጥም አድርጋ ዘጋች። ነርሷ ምንም አልደነገጠችም። «ሁለት ቋንቋ ባለበት ቤት የልጅ ቃል የሚቆጠረው ከሁለቱም ተደምሮ ነው። ሁለታችሁም በየቋንቋችሁ አውሯት፣ በፀደይ መልሳችሁ አምጡልኝ» ብላ ሸኘችን። እኔ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። እናቴ ግን በስልክ ስትሰማ ጉዳዩን በአንድ ተረት ዘጋችው።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም፣ ያርኮ። አንዱን ቋንቋ ለልጅቷ ስትሉ ልቀቁት።»

የትኛው እንደሚለቀቅ ማንም አልጠየቀም። ያን ዕለት ማታ ዲሳ ሳህን እያጠበች ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ነገረችኝ። «ለልጄ መሰናክል አልሆንም። ከሰኞ ጀምሮ በፊንላንድኛ ነው የማናግራት» አለች፣ ስለ ቆሻሻ መጣያው ቀን የምታወራ ይመስል። ፎጣ አቀበልኳት። በማግስቱ በመኝታ ቤቱ በር በኩል ለኤድላ ስትዘፍንላት ሰማኋት። ደስ ብሎኝ ለመስማት ስገባ ዘፈኑን አቆመችና በፊንላንድኛ «መጣህ እንዴ?» አለችኝ።

ይሄ ልማዷ ነው። የሷ ሰዎች እንዲህ ናቸው። አሥር ሆነው በስዊድንኛ ሲጫወቱ አንድ የእኛ ሰው ብቅ ካለ አሥሩም ወደ ፊንላንድኛ ይገለበጣሉ። አማቴ ቤት ከሳውና ወጥቼ በሩን ሳልዘጋው ጨዋታው ለእኔ ተብሎ ተቀይሮ ይጠብቀኛል። ጨዋነት ነው፣ ሰው ባይተዋር እንዳይሆን። እኔም ሁልጊዜ እንደ ክብር እቀበለዋለሁ።

እሑድ ቀትር ላይ እናቴ ሄል የገባበት ጣፋጭ ዳቦዋን ይዛ መጣች። እናቴ ሰው ቤት አትጠይቅም፣ ትፈትሻለች። ኤድላን ገና በሱፍ ጠቅልለን፣ የጨርቅ ጥንቸሏን አስታቅፈን፣ ጋሪዋን በረንዳ ላይ አውጥተን ነበር። ውርጩ ጥሩ ነው፤ በእኛ አገር ልጅ በእንደዚህ ያለ ቀን ውጭ ካልተኛ መቼ ሊተኛ ነው? ስትነቃ እንድንሰማት ድምፅዋን ከጋሪው የሚያመጣልንን ማዳመጫ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ከዳቦው አጠገብ አስቀመጥነው።

«ነገ ነው አይደል የምትጀምሩት?» አለች እናቴ፣ ዳቦ እየቆረሰች።

«አዎ፣ ነገ ነው» አለች ዲሳ።

«አይዞሽ። እኔ ክፉ ስለሆንኩ እንዳይመስልሽ። ልጅቷ ስታሳዝነኝ ነው።»

«አውቃለሁ፤ እርስዎ ለሷ ብለው ነው።»

ተነሥቼ መስኮቱ ጋ ሄድኩ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። እንደገና ተነሣሁ።

«አንተ ደግሞ አርፈህ ተቀመጥ እንጂ፣ ውሻ እንደ ነከሰው ሰው ምን ያንቆራጥጥሃል?» አለች እናቴ።

ልመልስላት ስል ማዳመጫው ተንጫጫ። ከዚያ አንዲት ቀጭን ድምፅ ማውራት ጀመረች። ቃል ብቻ አልነበረም፤ ወሬ ነው፣ የሚወጣና የሚወርድ፣ የሚጠይቅና ራሱ የሚመልስ። ዳቦው እጄ ላይ ቀረ።

«ራዲዮ ነው?» አለች እናቴ።

«ኤድላ ናት» አለች ዲሳ።

«የእኛ ኤድላ? ምንድን ነው የምትለው?»

ዲሳ ፊቷ በራ። እንደዚያ ሲበራ ካየሁት ቆይቷል። «ከጥንቸሏ ጋር እያወራች ነው። በረዶ ነው፣ አትፍሪ ትላታለች። የነርፔሱ አያቴ ቲማቲም ቀይ ነው ትላለች። አልነገርኳችሁም?» አለች። ሚስቴን ሳላምናት ኖሬያለሁ ማለት ነው።

ከዚያ ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። ዲሳ ፈገግታዋ ከፊቷ ላይ ረገፈ። መተርጎሟንም ተወች።

«አሁንስ ምን አለች?» አለች እናቴ።

ዲሳ ጠረጴዛውን ታያለች። የእኔ ስዊድንኛ የትምህርት ቤት ነው፤ ግን የሕፃን ወሬ ስለሆነ ገባኝ። ባይገባኝ በወደድኩ።

«እሽሽ፣ አያት መጣች ነው የምትለው» አልኩ። «አሁን ዝም፣ ኋላ ብቻችንን ስንሆን።»

እናቴ ማኘኳን አቆመች። ማዳመጫው ግን አላበቃም። «እሽሽ» አለች ኤድላ ለጥንቸሏ እንደገና፣ በእናቷ ቃና፣ ቁርጥ በእናቷ ቃና። «አባባ መጣ። እሽሽ።»

ይህኛውን አልተረጎምኩትም። ከጠዋት ጀምሮ የት ልግባ ሲለኝ ውዬ አሁን ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

«እኔ ነኝ ዝም ያሰኘኋት?» አለች እናቴ ቀስ ብላ።

«እርስዎ አይደሉም። እኔ ነኝ» አለች ዲሳ። «ሰው ሲገባ እሽሽ እላታለሁ። እንዳይከፋችሁ ብዬ ነው።»

«ከፋኝ ብዬሽ አውቃለሁ?»

«አላሉም። ያደግነው እንዲህ ነው።»

እናቴ መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጠረገችው። ዓይኗ ቀልቷል። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ፖስታ ቤት መስኮት ላይ የተቀመጥኩ ሴት ነኝ። የማይገባኝን ወሬ ሁሉ ስሰማ ኖሬ አልሞትኩም። ሂጂና ልጅቷን አምጫት። እዚሁ፣ እኔ ፊት፣ በቋንቋሽ አናግሪያት።»

ዲሳ ኤድላን አቅፋ ገባች። የልጅቷ ጉንጭ ቲማቲም መስሏል፣ የሱፍ ጓንቷ ገና አልወለቀም። ዲሳ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ፊንላንድኛ ነው። አቆመች። ትንፋሽ ወሰደች። ሰው እንዲህ በገዛ አፉ ሲያፍር አይቼ አላውቅም፣ አንጀቴን በላችው።

«በይ እንጂ» አልኳት።

«ጥንቸል በደንብ ተኛች?» አለቻት በስዊድንኛ። «በረዳት እንዴ?»

ኤድላ አያቷን አየች። እኔን አየች። ከዚያ ጓንት የለበሰች እጇን አነሣችና የእናቷን አፍ ከደነች።

ዲሳ የልጅቷን እጅ ከአፏ ላይ አላነሣችም፤ ዓይኗ ብቻ እንባ ሞላ። ዝም የሚባለው ለእኔ ተብሎ ከሆነ መጀመሪያ መናገር ያለብኝም እኔ እንደሆንኩ የገባኝ ያኔ ነው። ተጠግቼ በዚያ በተሰባበረ ስዊድንኛዬ «ጥንቸል በርዷታል፣ ኮፍያ ትፈልጋለች» አልኳት።

ኤድላ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። እጇን ከእናቷ አፍ ላይ አነሣች። ጎንበስ ብላ የእኔን አፍ ያዘችና ጆሮዬ ሥር፣ በስዊድንኛ፣ «እሽሽ፣ አባባ። አያት አለች» አለችኝ።

በዚያ ቋንቋ ስታናግረኝ የመጀመሪያዋ ነው። የሱፉ ጠጉር አፌ ውስጥ ገብቶ መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ።

«ምን አለች?» አለች እናቴ ወንበሯን እያስጠጋች። «ንገሩኝ እንጂ፣ ምን አለች?»

ዲሳ ወደሷ ዞረች። ከተጋባን ጀምሮ እናቴን በስዊድንኛ አናግራት አታውቅም። አሁን ቀስ እያለች፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በስዊድንኛ ነገረቻት። እናቴም አንዲት ቃል ሳይገባት እስክትጨርስ ድረስ ሰማቻት።