ከደፉ ሥር የተቀበረው

«ማኮዛ ደፋችን ሥር መተት ቀብራለች! የረገጠው ሰው እግሩ ከተረከዙ ጀምሮ ይበሰብሳል» አሉኝ አማቴ። ማኮዛ የአጥር ጎረቤታችን ናት። ከዚያ ወዲህ የግቢያችንን ደፍ ረግጬ አላውቅም፤ ስወጣም ስገባም ዘልዬ ድንጋዩ ላይ ዱብ እላለሁ። ያም ሆኖ ተረከዜን ይወጋኝ ጀመር። ሳላውቅ ረግጬዋለሁ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

በመጨረሻ ኤሾዌ ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሟ ተረከዜን ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ በአልትራሳውንድ ታየው ገባች። እኔ ዓይኔን ጨፍኛለሁ።

«የሚላወስ ነገር አለ?» አልኳት።

«በተረከዝሽ ነው እንዴ ያረገዝሽው?» ብላ ሳቀች። «ጅማቱ አብጧል እንጂ ሌላ ምንም የለም። ጠንካራ ነገር ላይ ትዘያለሽ?»

«በየቀኑ።»

«እሱ ነዋ የጎዳሽ! መዝለሉን ተዪውና ይሻልሻል።»

በራሴ ሞኝነት እየተናደድኩ ተመለስኩ። ዛሬስ ረግጬው እገባለሁ አልኩ። በሩ ጋ ስደርስ ማኮዛ አጥሯን ተደግፋ ቆማለች።

«እግርሽን እንዴት አደረገሽ፣ ልጄ?» አለችና ፈገግ አለች።

እግሬን ደፉ ላይ ላሳርፍ አነሳሁ።

ዘለልኩ።