የእትዬ ቢጫ ቃለ መጠይቅ

የሰፈራችን ቦኖ ውሃ ካቆመ አሥራ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር፤ ሰልፉን የያዙልን ጀሪካኖቻችን ነበሩ። እኔም ለተማሪዎቼ፣ «ስልክ ለዳንስ ብቻ ነው እንዴ? ስለ ውሃው ቪዲዮ ሥሩ፤ ስድብ ግን አልፈልግም!» አልኳቸው።

ከልጆቹ አንዷ፣ አሪፋ፣ ማንኪያ እንደ ማይክ ይዛ አንዱን ጀሪካን ጠየቀች፦ «እትዬ ቢጫ፣ እዚህ ከቆሙ ስንት ቀንዎ ነው?»

ረድዋን ከኋላ ተደብቆ በአሮጊት ድምፅ መለሰ፦ «ወላሂ ልጄ፣ እግር ቢኖረኝ ይሄኔ ደብረ ሲና ነበርኩ!»

ልጆቹ ሲለቁት ከተማችን ሸዋ ሮቢት በሳቅ ፍርስ አለች። ቪዲዮው ከካራቆሬ እስከ ማጀቴ ዞረ። በሦስተኛው ቀን፣ ክፍል ውስጥ እያለን፣ ውሃው መጣ!

«ይሄንንማ ቅረጹት!» እያልኩ ከልጆቹ ጋር ሮጥኩ። ቦኖው ጋ ስንደርስ ግን ማን ይቅረጽ? ሁሉም ጀሪካኑን አቅፏል። እኔም ጭምር።